ከአቃቂ እስከ የሓ፦ የጨረቃው ቤትና ተረቶቹ



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናወጋችሁ ስለ መስጂዶቻችን፣ ስለ ዑለሞቻችንና ስለ መድረሳዎቻችን ነው። በዚህ ወር ግን ከወትሮው ለየት ያለ ቤት ይዘን ቀርበናል። ይኸውም የሌላ እምነት፣ ያውም አማኞቹ ካለፉ ብዙ መቶ ዓመታት የሆነው እምነት ቤተ መቅደስ ነው። ወደዚያ የመራን መጽሐፍ ወይም የአስጎብኚ ማስታወቂያ አይደለም፤ አንድ የአቃቂ ሽማግሌ ናቸው።

አቃቂን የሚያውቅ ሁሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያውቃል። ሽማግሌው ፋብሪካውን የሚጠሩት በቀድሞ ስሙ "ኢንዶ ኢትዮጵያ" እያሉ ነበር። ስሙ የመጣው ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቢርላ ከሚባለው የህንድ ባለሀብት ቤተሰብ ጋር በሽርክና በመቋቋሙ ነው። ይኸው ቤተሰብ በሀገሩ ከተሞች ትላልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደሶችን በማሠራትም የታወቀ ነው፤ ደልሂ ላይ ያሠራውን እ.ኤ.አ. በ1939 የመረቁት ማህተመ ጋንዲ ነበሩ። እንግዲህ በዚያን ዘመን ከህንድ ወደ አቃቂ የመጣው መኪናና ክር ብቻ አልነበረም፤ ሰዎችም መጥተዋል፤ ሰዎቹም እምነታቸውንና ተረታቸውን ይዘው መጥተዋል።

የሐጂ ወግ

እኚህ ሽማግሌ፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች "ሐጂ" ብቻ እያልን የምንጠራቸው፣ በ1955 ዓ.ም. ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ ነው በሽመና ክፍሉ የተቀጠሩት። ዐስር ሰግደን መስጂዱ በረንዳ ላይ አረፍ ስንል የፋብሪካ ወግ ያወጉን ነበር። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊያቸው ስለነበረው ህንዳዊ አነሱ። ሰውዬው ሂንዱ ነበር። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ በባሕር ዳር የቆመ የአንድ ትልቅ ቤተ መቅደስ ሥዕል ሰቅሎ ነበር። ቤተ መቅደሱ ሶምናት ይባላል፤ የሚገኘውም በምዕራብ ህንድ፣ በጉጅራት ጠረፍ ነው። የስሙ ትርጉም "የጨረቃ ጌታ" እንደ ማለት ነው።

"ታሪኩን ንገረን አልነው" አሉ ሐጂ። "እንዲህ ሲል ነገረን። ጨረቃ በነሱ ዘንድ ወንድ ነው። የአንድ ታላቅ አባት ልጆች የሆኑትን ሃያ ሰባት እህትማማቾች አገባ። ከሃያ ሰባቱ ግን ሮሂኒ የምትባለዋን ብቻ አብልጦ ወደደ። የቀሩት ሄደው ለአባታቸው ስሞታ ተናገሩ። አባትየው ቢመክረው አልሰማ ሲለው 'ክሳ፣ መንምን!' ብሎ ረገመው። ጨረቃም ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሊጠፋ ሲል ወደዚያ ባሕር ዳር ወርዶ ሺቫ የሚሉትን አምላካቸውን ለመነ። እርግማኑ ጨርሶ ባይነሣለትም ግማሹን ወር እንዲከሳ፣ ግማሹን ወር እንዲፋፋ ተፈቀደለት። ቤተ መቅደሱ የዚያ መታሰቢያ ነው አለን።"

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። "እኛም ያኔ ስቀን ነበር" አሉና ዝም አሉ። የዝምታቸው ምክንያት የገባን ቆይቶ ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ "እንዲህ ያለ የጨረቃ ቤተ መቅደስ በኛስ ሀገር ነበር ይሆን?" ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ ነበር። ግድግዳው ዛሬም እንደቆመ ነው። ሐጂም ይህን ሲሰሙ፣ "እግሬ ሳይደክም አሳዩኝ" አሉ።

በመንገድ ላይ የተነሣ ክርክር

በጥር 2008 ዓ.ም. ጥቂት ቤተሰቦች፣ የሰፈሩ ወጣቶች፣ አንድ ኡስታዝና ሐጂ ሆነን አንድ አውቶቡስ ተከራየን። የጉዟችን ዋና ዓላማ የነጃሺን መስጂድ መዘየር ነበር። በደሴ በኩል አድርገን መቀሌ ደረስን፤ በማግሥቱ ውቅሮን አልፈን ነጃሺ ገባን። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦች እ.ኤ.አ. በ615 ተሰደው በመጡባት ሀገር፣ መቃብራቸው ነው በሚባለው ስፍራ ዱዓ አደረግን። አልሐምዱሊላህ፣ ያንን ቀን የሚረሳ የለንም።

ከዚያ ወደ የሓ እንሂድ ሲባል ግን ጉምጉምታ ተነሣ። አንድ ወጣታችን፣ "ለዚያራ የወጣ ሰው ጣዖት ቤት ምን ይሠራል?" አለ። አክሎም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ በሰሙድ ሰዎች መኖሪያ በኩል ባለፉ ጊዜ፣ ካላለቀሱ በስተቀር እንዳይገቡ ሶሓቦችን ማስጠንቀቃቸውን አስታወሰን። ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ ሐዲሡ ትክክለኛ ነው።

ኡስታዙ ሲመልሱ፣ "የሰሙድ ሀገር የአላህ ቅጣት የወረደበት መሆኑን በወሕይ እናውቃለን። ስለ የሓ እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረንም። ቁርኣን ደግሞ በምድር ላይ ተጓዙ፣ ከናንተ በፊት የነበሩትን ፍጻሜ ተመልከቱ እያለ በብዙ ቦታ ያሳስበናል። ይሁንና ወንድማችን ካነሣው ሐዲሥ አንድ ነገር እንያዝ። ያለፉ ሰዎች ቤት መሳለቂያ አይደለም። የምንገባ ከሆነ ሳንቀልድ እንግባ" አሉ። በዚህ ተስማማን።

ጣሪያ የሌለው ቤት

በአዲግራት በኩል ዞረን፣ ዓድዋ ከመድረሳችን በፊት ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈን በተራሮች ወደተከበበች ትንሽ መንደር ገባን። ቤተ መቅደሱ ከሩቅ ይታያል። አራት ማዕዘን ሆኖ ርዝመቱ 18 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን ግድግዳው 13 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያ የለውም፤ ውስጡ ገብተው ቀና ሲሉ የሚታየው ሰማይ ነው። ድንጋዮቹ ተጠርበው፣ ተለስልሰው፣ ጭቃም ሆነ ኖራ ሳይገባባቸው አንዱ በሌላው ላይ ተገጥመዋል። ከእናቶቻችን አንዷ መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ፈልገው ሲያጡት "ሱብሐነላህ! ይህን የሠራ እጅ ዛሬ አፈር ሆነ" አሉ።

ቤቱ የተሠራው ከልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው። ከአክሱም ትላልቅ ሐውልቶች ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሶሓቦች ወደዚህች ሀገር ሲገቡ እንኳ ዕድሜው ከ1,200 ዓመት በላይ ነበር። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ሀገራችንን ሲጎበኝ አይቶት ጽፎለታል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የጀርመን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በዚያው መንደር ቆፍረዋል፤ አጠንተዋልም።

ሦስቱ ተረቶች

በየሓ ቅጥር ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን በግማሽ ቀን ሦስት ታሪኮች ሰማን።

የመጀመሪያውን የነገረን አንድ የመንደሩ ወጣት ነው። ይህ የንግሥተ ሳባ ቤት ነው አለን። ሁለተኛውን የነገሩን ግቢውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ አፍጼ ከባሕር ማዶ መጥተው ጣዖቱን አስወጥተው ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት አሉን። ዛሬም ከአጠገቡ በስማቸው የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሦስተኛውን ያመጣነው ደግሞ እኛው ነን። እኚያው እናታችን ለልጆቹ፣ "ብልቂስ ለፀሐይ ስትሰግድ ሑድሑድ ያያት እዚህ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ጫፍ ላይ ቆሞ ነው ያያት" ብለው በጣታቸው ሲያሳዩ ሰማን። ልጆቹም ወፏን የሚፈልጉ ይመስል ቀና አሉ።

እስቲ ድንጋዩ ራሱ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2007፣ ነጃሺ አቅራቢያ ባለችው ውቅሮ አጠገብ ተቀብሮ የነበረ ሌላ ቤተ መቅደስ ተገኝቷል። በመሠዊያው ላይ በጥንቱ የሳባውያን ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ ዋዕራን የተባለ ንጉሥን ይጠቅሳል፤ በየሓ ያለውንም የአልማቃህ ቤተ መቅደስ በስሙ ያነሣል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ማን እንደነበረ አያከራክርም። አልማቃህ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን፣ በማሪብ የነበሩት ሳባውያን ዋና ጣዖት ነው። ብዙ ሊቃውንት የጨረቃ አምላክ ነበር ይሉታል፤ የፀሐይ ነበር የሚሉም አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሰኩት ባለ ዋልያ ቅርጽ ድንጋዮችም ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው፤ እንስሳው ለአልማቃህ የተለየ ነበርና።

የንግሥቲቱስ ነገር? ነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የነበሩበት ዘመን ከልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይገመታል። ይህ ቤት የተሠራው ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በመሆኑም ቤቱ የሳቸው ዘመን ንግሥት ሊሆን አይችልም። በማሪብም ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው። ሕዝቡ እዚያ ያለውን ፍርስራሽ "ማሕረም ብልቂስ" እያለ ይጠራዋል፤ ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የአልማቃህ ነው።

ይህን ስንል ኡስታዙ ሱረቱ-ን-ነምልን አስታወሱን። ሑድሑድ ከሳባ ወሬ ማምጣቱ፣ ንግሥቲቱና ሕዝቧ ለፀሐይ መስገዳቸው፣ በመጨረሻም ለዓለማት ጌታ እጇን መስጠቷ በቁርኣን የተነገረ እውነት ነው። "ብልቂስ" የሚለው ስም ግን በቁርኣን ውስጥ የለም፤ ያገኘነው ከተፍሲርና ከታሪክ ጸሐፊዎች ነው። ሑድሑዱ የሓ ግድግዳ ላይ መቆሙ ደግሞ በተፍሲርም የለም፤ እኛ የጨመርነው ነው። እናታችን ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲያው ወፏን ከግድግዳው ላይ አውርጃታለሁ፤ ከቁርኣኑ ግን አላወርዳትም" ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረም።

ሌላው ሰው ተረት ሲጨምር በቀላሉ ይታየናል። እኛ ስንጨምር ግን የዲን አካል መስሎን እናልፈዋለን።

የአንዲት ልጅ ጥያቄ

በዚያን ዘመን መሠዊያዎችና የዕጣን ማጨሻዎች ላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ምልክት ይቀረጽ እንደነበር ሲነገር፣ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጃችን እጇን አወጣች። "ታዲያ የኛ ሚናራ ላይ ለምን ጨረቃ አለ? እኛስ ጨረቃ እያየን አይደል የምንጾመው?" አለች። ትልልቆቹ ተያየን።

ልጆቻችን ይህን ጥያቄ ነገ ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉና ከወዲሁ መልሱን ማወቅ ይገባናል። ጨረቃ በእስልምና የጊዜ መለኪያ ናት። ረመዷንን፣ ሐጅንና ዒድን በሷ እንቆጥራለን። ሰዓት የሚያይ ሰው ሰዓቱን አያመልክም። ለፀሐይም ሆነ ለጨረቃ መስገድን ሱረቱ ፉሲለት በግልጽ ይከለክላል። በሱረቱል አንዓም የተተረከው የነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ኮከቡም፣ ጨረቃውም፣ ፀሐዩም ሲጠልቁ አይተው ከሚጠልቅ ነገር ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። ሚናራ ላይ የሚታየው የጨረቃ ምልክት በቁርኣንም በሐዲሥም የታዘዘ አይደለም። በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ከዑስማንያ ቱርኮች መንግሥት ዓርማ ጋር በሰፊው የተለመደ ጌጥ ነው። ልጅቷ ይህን ከሰማች በኋላ፣ "እሺ፣ እናያታለን እንጂ አንሰግድላትም" ብላ በአጭሩ ዘጋችው።

"ድንጋዩ ምን በደለ?"

ልንወጣ ስንል ያ በመንገድ የተከራከረን ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ይህን ሁሉ ሺርክ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ለምን ተተወ? ለምን አልፈረሰም? ነቢዩ ኢብራሂም ጣዖት ሰብረው የለም እንዴ?" አለ። ሽማግሌው ቄስ ሰሙት። ተቆጥተው ይሆናል ብለን ስንፈራ፣ "ልጄ፣ ጣዖቱን እኮ አባቶቻችን አውጥተውታል። ድንጋዩ ምን በደለ?" አሉት በርጋታ።

ኡስታዙም ነገሩን አብራሩት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መካን ሲከፍቱ ጣዖታቱን ከካዕባ ማውጣታቸው እውነት ነው። ካዕባ ግን ከመነሻው የተሠራው ለተውሒድ ነው፤ ቤቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ እንጂ የሌላ ሰው ቤት አልተወሰደም። ሶሓቦች ግብጽን ሲከፍቱ ፒራሚዶቹን ትተዋቸው አልፈዋል፤ ዛሬም ቆመዋል። እዚህ ሐበሻ የኖሩትም ሙሃጂሮች የማንንም መቅደስ ነኩ ሲባል አልተሰማም። ሌሎች የሚያመልኩትን መስደብንም ራሱ ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 108ኛው አንቀጽ ከልክሎናል፤ ምክንያቱም ብድሩ ተመልሶ አላህን ወደ መስደብ ያደርሳል።

ወጣቱ ገና አልረካም ነበር። ያኔ ሐጂ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው፣ "እኔ አፍርሼ አውቃለሁ" አሉ። ሁላችንም ዞርን።

"ያ ህንዳዊ የጨረቃውን ተረት ከነገረን ወዲህ መሳቂያ አደረግነው። ባለፈ ባገደመ ቁጥር 'ጨረቃ ከሳ ወይ?' እንለው ነበር። ዝም ይላል። አንድ ቀን የሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለሁ ያንን ሥዕል ከግድግዳው አውርጄ ከተጣለ ጥጥ ክምር ውስጥ ወረወርኩት። ለዲኔ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ጧት መጣ፤ ባዶውን ግድግዳ አየ፤ ማንንም አልጠየቀም። ፈልጎ አገኘው። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። ጥጡን በመሐረቡ ጠራርጎ ከቦርሳው ከተተው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ተረት ነግሮን አያውቅም። በዚያው ዓመት ረመዷን ገባ። ማንም ሳይነግረው የኛን የጾመኞቹን ፈረቃ ለዋውጦ ለማፍጠሪያ ቤታችን እንድንደርስ አደረገን። ዛሬ ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ስል ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ሳልጠይቀው ቀረሁ።"

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ቄሱ፣ "ሐጂ፣ እግዜር ይቅር ይበልዎት" አሉ። ሐጂም "አሚን" አሉ።

ሶምናትና ሁለት ሙስሊሞች

አቃቂ ከተመለስን በኋላ የዚያን ሥዕል ታሪክ ለማወቅ መጻሕፍት አገላበጥን። ያገኘነው ነገር ለኛም አዲስ ነበር።

ሶምናትን በታሪክ ያስታወቁት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቤተ መንግሥት የነበሩ ሁለት ሙስሊሞች ናቸው። አንደኛው የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ነው። በ416 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ1025/26) ሠራዊቱን ይዞ ዘመተ፤ ጣዖቱን ሰበረ፤ ሀብቱን ጭኖ ተመለሰ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለደው ታላቁ ሊቅ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ነው። እሱ የህንዶችን የሳንስክሪት ቋንቋ ተማረ፤ ከሊቃውንቶቻቸው እግር ሥር ተቀምጦ ጠየቀ፤ በ1030 ገደማ ስለ ህንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በመግቢያውም ዓላማው ክርክር አለመሆኑን፣ የሰዎቹን እምነት እነሱ ራሳቸው እንደሚናገሩት እንደሚያቀርብ አስታውቋል።

ሐጂ የነገሩን የጨረቃና የሃያ ሰባቱ እህትማማቾች ተረት እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ጥቂት ብቻ ይለያል። ሃያ ሰባቱ ሚስቶች ጨረቃ በየወሩ የምታልፍባቸው የከዋክብት ማረፊያዎች መሆናቸውን ይነግረናል። የባሕሩ ሞገድ ከጨረቃ ጋር እየሞላና እየጎደለ ጣዖቱን ሲያጥበው፣ ሰዎቹ ጨረቃ ታገለግለዋለች ብለው ማመናቸውንም ያስረዳል። ቢሩኒ በተውሒድ ጸንቶ የኖረ ሙስሊም ነው፤ ተረቱን ጻፈው እንጂ አላመነበትም፤ አልሳቀበትምም። በዚያው መጽሐፍ የማሕሙድ ዘመቻዎች የህንድን ልማት እንዳጠፉና የሀገሩን ሰው ሙስሊሞችን አጥብቆ እንዲጠላ እንዳደረጉት በግልጽ ጽፏል። ይህን የጻፈው በዚያው ሥርወ መንግሥት ጥላ ሥር ሆኖ ነው።

ከዘመቻው በኋላ ደግሞ በኛ በኩል ያሉ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ተረት ጨመሩ። ሶምናት ላይ የነበረው ጣዖት ቁርኣን የጠቀሳት የዐረቦች መናት ናት፤ ከዐረብ ምድር አሽሽተው ወስደዋት ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ ጣዖቱ በማግኔት ኃይል በአየር ላይ ተንሳፎ ነበር አለ። ዘመቻው የሀብት ሳይሆን የነቢዩ ሥራ ፍጻሜ ሆኖ እንዲታይ የፈለጉ ይመስላል።

ሶምናት ላይ ግን ሌላም ታሪክ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1264 ኑረዲን ፊሩዝ የተባለ የሆርሙዝ ሙስሊም ነጋዴ፣ የሀገሩ የሂንዱ ሹማምንት ተስማምተው በዚያው ከተማ መሬት አግኝቶ መስጂድ ሠራ። ስምምነቱ በሳንስክሪትና በዐረብኛ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከዘመቻው 240 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጎረቤቶች እንደገና ጎረቤት ሆነው ነበር ማለት ነው።

በኋለኛው ዘመን ግን ዕርቁ ተረስቶ ቂሙ ተነሣ። የዛሬው የሶምናት ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1951 እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። በመስከረም 1990 (እ.ኤ.አ.) ከዚያው ከሶምናት የተነሣ የፖለቲካ ሰልፍ ወደ አዮድያ አቀና። አዮድያ ራማ የተባለው አምላካቸው የተወለደባት ናት ይላሉ። በታኅሣሥ 1992 (እ.ኤ.አ.) በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የባብሪ መስጂድ በዚያች ከተማ በሕዝብ ጎርፍ ተናደ። በተከተለው ሁከት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) በቦታው ላይ አዲስ ቤተ መቅደስ ተመርቋል። ማሕሙድ ካረፈ አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሱ ዱላ ግን ገና ይመነዘራል። መስጂዱን ያፈረሱት ሰዎች ኃጢአት የራሳቸው ነው፤ የትናንት በደል የዛሬን አያጸድቅም። ቢሆንም ቢሩኒ በ1030 የጻፈው ማስጠንቀቂያ ምን ያህል እውነት እንደነበር አሳይቶናል።

የሐጂ የመጨረሻ ቃል

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት የነጃሺ መስጂድ በከባድ መሣሪያ መመታቱንና መዘረፉን ሰማን። ያኔ ዱዓ ያደረግንበት ስፍራ ተሰንጥቆ በፎቶግራፍ አየነው። ፎቶግራፉን ለሐጂ ስናሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም፣ "ያ ህንዳዊ ያን ዕለት ጧት ምን እንደተሰማው ዛሬ ገባኝ" አሉ።

ሐጂ ባለፈው ዓመት ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይማራቸው። ከመሞታቸው በፊት ይህን ታሪክ እንድንጽፈው ጠየቁን። "የኔን ስም ተዉት፤ ጥፋቴን ግን ጻፉት፤ ልጆቹ ይማሩበት" አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ አደራ ፍጻሜ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን ወደ ጥንት ቦታዎች ስትወስዱ የሌላውን ሰው ታሪክ በሰውዬው አንደበት ያዳምጡ። ከዚያም የሰሙትን ከድንጋዩና ከዘመኑ ጋር ያስተያዩ። የራሳችንንም ወግ በዚያው ሚዛን ይመዝኑ፤ ወሕይ የነገረንን ከሰው ጭማሪ ይለዩ። የሚያምነው የታወቀ ልብ በሌላው ተረት አይናወጥም፤ ለመሳለቅም አይቸኩልም።

በጉዞው የተከራከረን ያ ወጣት ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሰላም ሲወርድ ልጆቹን ነጃሺንም የሓንም እንደሚያሳያቸው ነግሮናል። ለሽማግሌው ቄስ፣ በሕይወት ካሉ፣ ሰላምታ እንደሚያደርስልን ቃል አስገብተነዋል።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።